ቱቦ ያለውን ጡጦ ጣዪልኝ

የኔ እናት፣ እንደምን ሰነበትሽ? የማሙሽ ሆድ ዳግመኛ መታመሙን አባቱ ከነገረኝ ወዲህ እንቅልፍ አልወስድ ብሎኛል። የላከልኝ ፎቶ ደግሞ ጭራሽ አስደነገጠኝ፤ ልጁ ተጋድሞ፣ ጡጦው ከጎኑ ቆሞ፣ ወተቱ በረጅም ቱቦ ወደ አፉ ይሄዳል። ሥራ በዝቶብሽ፣ እጅሽን እንዲያሳርፍልሽ እንደገዛሽው ይገባኛል። ግን ጣዪልኝ።

የምትኖሪባት የእንግሊዟ ከተማ ሃደርስፊልድ ይህን ነገር አሳምራ ታውቀዋለች። በ1900 እ.ኤ.አ. አካባቢ በእንግሊዝና በዌልስ ከ1,000 ሕፃናት 150 ያህሉ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በጋው ሲጠና ተቅማጥ ይፈጃቸዋል፤ ዝንቡ ከጓሮው ሽንት ቤት ተነሥቶ ወተቱ ላይ ያርፋላ! ጡጦውም የአንቺው ዓይነት ነበር፦ ጠርሙስ፣ የጎማ ቱቦ፣ ጫፉ ላይ የሚጠባ ጎማ። ብሩሽ በማይደርስበት ቱቦ ውስጥ የወተት ርጋታ ይጣበቃል፣ ሲሞቅ ጀርም ይራባበታል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ወተት ያንን ጠራርጎ ሕፃኑ ሆድ ይከተዋል። ጠርሙሱ ቢያብረቀርቅ ምን ዋጋ አለው? ፈረንሳይ በ1910 በሕግ ከልክላዋለች።

ቤንጃሚን ብሮድቤንት በ1904 የከተማሽ ከንቲባ ሲሆኑ፣ በሥልጣን ዘመናቸው ሎንግዉድ ሰፈር ለሚወለድ ልጅ ሁሉ ዓመቱን ሲደፍን 1 ፓውንድ ሊሰጡ ቃል ገቡ። ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ገንዘቡ አይደለም። ልደትን ለማስመዝገብ 42 ቀን ይፈቀድ ስለነበር፣ የከተማው የጤና ሹም መወለዱን ሳይሰማ ስንቱ ሕፃን ተቀበረ! ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ ልደቱን በ48 ሰዓት ውስጥ ቀድሞ ለነገረው 1 ሺሊንግ መክፈል ጀመረ። ወሬው እንደደረሰ ሴት ሐኪሞች ቤት ድረስ ይሄዳሉ፤ ስለ ጡት ማጥባት፣ ስለ ንጽሕና ይመክራሉ። በ1907 የወጣው የአገሪቱ ሕግ ጊዜውን ወደ 36 ሰዓት አወረደው፤ በ1915 ለሁሉም ከተማ ግዴታ ሆነ።

ዛሬ በርሽን የምታንኳኳው የጤና ጎብኚ በእነዚያ ሴቶች እግር የተተካች ናት። ጡጦውን እንዳትደብቂያት፤ አውጥተሽ አሳዪያት።

አሁን ስሚኝ። አፈ ሰፊ፣ ቱቦ የሌለው ጡጦ ግዢ። ክፍሉን ሁሉ ፈታትተሽ በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ በብሩሽ እሺው፤ ከዚያ ውሃው ሙሉ በሙሉ ሸፍኖት 10 ደቂቃ ይፍላ። ጎማው ከተሰነጠቀ ወይም ከተጣበቀ ቀይሪው። ለዱቄት ወተቱ ውሃ አፍልተሽ ከ30 ደቂቃ በላይ አታቆዪው፤ ዱቄቱም ንጹሕ ስላልሆነ ጀርሙን የሚገድለው ከ70 ዲግሪ ያልወረደ ውሃ ነው። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ጡጦውን ከውጭ አብርጂው፣ በእጅ አንጓሽ ላይ ጠብ አድርገሽ ሞክሪው። የተረፈውን ድፊው፤ ወተት ነው ብለሽ አትሳሺለት። ስታጠጪውም ታቅፈሽው ይሁን፣ ተጋድሞ ብቻውን አይጥባ። ቱቦውን አጥቤ እጠቀምበታለሁ እንዳትዪኝ፤ አይታጠብም፣ ጣዪው።

የራስሽን ጡት እንዳታቋርጪበት። በሰው የላክሁልሽን አጃ አጥሚት እያደረግሽ ጠጪ።

እርግብግቢቱ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ካነሰ ወይም ሰገራው ደም ካለው እኔን ለመጠየቅ አትጠብቂ፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ምክር መስመሩ 111 ደውዪ፣ አልነቃ ካለሽ ደግሞ ወደ ድንገተኛው 999።

እናትሽ