ምንጣፉን ከጠቀለልሽ በኋላ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ዮጋ መጀመርሽን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ጀርባሽንም ሳይሻልሽ አይቀርም። ግን ያወራሽኝ ሁሉ ስለ መተጣጠፍ ነበር። የጡረተኛ መምህር ነገር ታውቂ የለ፣ ገብቼ አነበብኩ።

ፓታንጃሊ የሚባለው የጥንት ሕንዳዊ ጽፎታል በሚባለው ዮጋ ሱትራ ውስጥ መንገዱ ስምንት ክፍል አለው። አንቺ የምትሠሪው አሳና፣ ማለት የሰውነት አቀማመጥ፣ ሦስተኛው ነው። ከ190 በላይ ከሆኑት አጫጭር አንቀጾች ስለ እሱ በቀጥታ የሚያወሩት ጥቂት ናቸው። እነሱም እግርሽን ማጅራትሽ ላይ ስቀዪ አይሉም። አቀማመጥሽ የጸናና የተመቸ ይሁን ነው የሚሉት። ከሱ የሚቀድሙት ያማና ኒያማ ናቸው፦ አለመጉዳት፣ እውነት መናገር፣ አለመስረቅ፣ አለማግበስበስ፣ ባለው መርካት። ባለፈው ከዮጋ ስትመለሺ በስልክ እያወራሽኝ ሹፌሩ ላይ ስትጮሂ ሰምቻለሁ። አንደኛ ክፍልን ዘለሽ ሦስተኛ ገብተሻል ማለት ነው!

አያትሽ እማሆይ «የሌላ አገር አምልኮ አይደለም ወይ?» አሉኝ። ሥሩ ከሕንድ ሃይማኖት መሆኑን አልደበቅኳቸውም። ጸሎትሽን እንዳልተውሽ ስነግራቸው ነው ያረፉት። (አልተውሽም አይደል?)

ከስምንቱ አንዱ፣ ዳራና የሚሉት፣ ሐሳብን አንድ ነገር ላይ ማሳረፍ፣ እሳቸው ጋ ሞልቷል። ከቅዳሜ ገበያ የገዛሁላቸውን የመተማ ጥጥ እየፈተሉ ነው። ባዘቶውን በግራ እጃቸው ይዘው እንዝርቱን ጭናቸው ላይ ያሾሩታል። ክሩ ትንሽ ከወፈረ ሳያዩት ጣታቸው ያውቃል። ሰው ሲያዋራቸው እንዝርቱን ያስቀምጡና ፊቱን እያዩ ይሰማሉ። ሲጨርስ ይቀጥላሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ሲሠሩ አይቼ አላውቅም።

የታክሲ ሰልፍ ሲያናድድሽ ደግሞ አየሩን ከምታስገቢበት ረዘም አድርገሽ አስወጪ። ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት ዝግ ይላል። ይሄ የሰውነታችን አሠራር ነው። ምንጣፍ አያስፈልገው፣ ማንም አያይሽ።

እሁድ ስትደውዪ ግን ዕቃ እያጠብሽ አይሁን። አምስት ደቂቃም ብትሆን ቁጭ ብለሽ አውሪን። እማሆይ የቧንቧው ድምፅ እየረበሻቸው ግማሹን አይሰሙሽም።

በርበሬው ተፈጭቷል። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ስናገኝ እንልክልሻለን።

አባትሽ፣
ጎንደር