ለልጄ፦ ስለ ጁሪ ጥሪሽ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሰላማዊት፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የጁሪ፣ ማለትም ክስ ሰምተው እንዲፈርዱ ከሕዝብ መካከል የሚመረጡ ሰዎች፣ ጥሪ እንደደረሰሽና ጉዳዩ የሞት ቅጣት የሚጠየቅበት ከሆነ «አላምንበትም» ብለሽ በጊዜ ወደ ሥራሽ ለመመለስ እንዳሰብሽ ነግረሽኛል። እኔም የሰው ነፍስ በፍርድ ትጥፋ የምል ሰው አይደለሁም፤ ይሁን እንጂ ያ መልስ ምን እንደሚያስከትል ሳታውቂ እንድትናገሪው አልፈልግም።

በእኛ አገር ጥፋተኝነቱንም ቅጣቱንም የሚወስኑት ዳኞች ናቸው። እዚያ አሜሪካ፣ በጆርጂያ ግዛት ግን የሞት ቅጣት በተጠየቀበት ክስ አሥራ ሁለቱ የጁሪ አባላት በመጀመሪያ ተከሳሹ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን፣ ከዚያም ቅጣቱን ይወስናሉ። ስለዚህ ሞት ፈጽሞ አልፈርድም የሚሉት ሁሉ ገና በምርጫው ሲሰናበቱ፣ ጥፋተኝነቱንም የሚመዝኑት የቀሩት ብቻ ይሆናሉ። እንዲህ ያለ ጁሪ ጥፋተኛ ወደ ማለት ያደላል የሚለው ክርክር እ.ኤ.አ. በ1986 ለአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ እውነት ቢሆን እንኳ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ተብሎ ታልፏል። እኔን አላሳመነኝም።

በዚያው ዓመት ፍርድ ቤቱ ዐቃቤ ሕግ ሰውን በዘሩ ምክንያት ከጁሪ መሰረዝ እንደማይችል ወሰነ። በማግስቱ ዓመት ሮም በምትባለው የጆርጂያ ከተማ ቲሞቲ ፎስተር የተባለ ጥቁር ወጣት አንዲት ጡረተኛ ነጭ መምህርት በመግደል ተከሶ ለፍርድ ቀረበ። ወንጀሉ ዘግናኝ ነበር፤ እኔን ያሳሰበኝ ግን የፈረዱበት ሰዎች አመራረጥ ነው። ለመቀመጥ ብቁ የነበሩትን አራት ጥቁሮች ዐቃቤ ሕግ በሙሉ ሰረዛቸው፤ ሁሉም ነጭ የሆነ ጁሪም ሞት ፈረደ። አንዷ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት የተሰረዘችው ዕድሜዋ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ተከሳሽ ይቀርባል ተብሎ ሲሆን፣ የሃያ አንድ ዓመት ነጭ ግን በጁሪው ተቀምጧል!

ከዓመታት በኋላ ጠበቆቹ የዐቃቤ ሕጉን መዝገብ ሲያገኙ የጥቁሮቹ ስም በአረንጓዴ ቀለም ተቀልሞ ተገኘ። «በፍጹም አይሆኑም» በሚል ርዕስ ከተዘረዘሩት ስድስት ስሞች የመጀመሪያዎቹ አምስቱ የጥቁሮች ነበሩ። ስድስተኛዋ ሞት እንደማትፈርድ በግልጽ የተናገረች ነጭ ነበረች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፎስተርን ፍርድ የሻረው በ2016 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሰውየው ሞት ተፈርዶበት ኖሯል።

እንግዲህ ልጄ፣ አንቺ በአንድ ጊዜ ለሁለቱም ምክንያት ትመቻለሽ፤ ጥቁር ነሽ፣ የሞት ቅጣትም አትወጂም። ስለዚህ ስትጠየቂ «አልወደውም» እና «አልችልም» የተለያዩ መሆናቸውን ልብ በዪ። ቅጣቱን በመቃወምሽ ብቻ ልትሰናበቺ እንደማይገባ ከ1968 ጀምሮ ተወስኗል፤ ጥያቄው ማስረጃውን ሰምተሽ ሕጉ በሚለው መሠረት ልትመዝኚ ትችያለሽ ወይ ነው። ከልብሽ የማትችይ ከሆነ ተናገሪ፤ ነውር የለበትም። የምትችይ ከሆነ ግን እችላለሁ በዪ፤ ለሥራ ቀንሽ ስትዪ ራስሽን አታስወጪ።

ከዚያም በኋላ ዐቃቤ ሕግ ምክንያት ሳይሰጥ ሊሰርዝሽ ይችላል። ነገር ግን የተከሳሹ ጠበቃ በዘሯ ነው ብሎ ከተቃወመና ዳኛው ጥርጣሬው በቂ ነው ካለ፣ ዐቃቤ ሕጉ ምክንያቱን በችሎት መናገር አለበት፤ ያም በመዝገብ ይሰፍራል። ከተመረጥሽ ግን ፍርዱ እስኪያልቅ ስለ ጉዳዩ ለእኔም ቢሆን አትንገሪኝ።

አባትሽ