እማዬ፣ ልጅቷን መልሰሽ ጥሪያት

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ትልቋ ፈተናዋን ጨርሳ ቤት ውላለች። ትንሹ የፊት ጥርሱ ወልቆ ሲስቅ በእጁ ይሸፍናል፣ ፎቶ እልክልሻለሁ። ቁመቱማ አይጣል ነው፣ ሱሪው ሁሉ አጥሮበታል።

ስለ እነሱ ብቻ ጽፌ ብጨርስ በወደድኩ። ግን ወንድሜ የነገረኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። የምትንከባከብሽን ልጅ አባረርሻት አሉ። ለምን ቢልሽ «በጓንት ነው የምትነካኝ፣ ትጸየፈኛለች» ብለሽዋል።

አልተጸየፈችሽም እማዬ። እኔም እንደሷ ነው የምሰራው። ጓንት የምናደርገው ሽንት፣ ሰገራ፣ ደም ወይም ቁስል ስንነካ ነው። ፀጉርሽን ስታበጥር ወይ ክንድሽን ይዛ ስታራምድሽ አያስፈልጋትም፤ ያኔም ካደረገች አውልቂ በያት፣ መብትሽ ነው። የሽንት ከረጢቱን ስትደፋ ግን ታድርግ። ስትጨርስ ጓንቱን ጥላ እጇን መታጠብ አለባት፣ ምክንያቱም ጓንት ለዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል፣ ሲወልቅም እጅ ይነካካል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ጓንት ከአልጋ ወደ በር እጀታ፣ ከበር እጀታ ወደ ስልክ የሚሄድ ሰው ጀርሙን ያዞራል እንጂ ማንንም አይጠብቅም። ብትቆጪ በዚህ ነበር መቆጣት ያለብሽ።

ስራውን ስጀምር ያልሽኝ ትዝ ይልሻል? «የሰው ቆሻሻ ልታነሺ ነው ያስተማርኩሽ?» አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ስራዬ ጠይቀሽኝ አታውቂም። ለአክስቴም ቢሮ ነው የምትሰራው ብለሽ ነግረሻታል፣ ሰምቻለሁ። እናት ናት ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ግን ያንኑ ነገር በሌላ ሰው ልጅ ላይ ደገምሽው፣ እሷም ምንም ሳትመልስ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች አሉ። ይሄ አንገበገበኝ።

ስራዬ ምን እንደሆነ ዛሬ ልንገርሽ። የዓለም ጤና ድርጅት እጅ የሚጸዳባቸው 5 ጊዜያት ብሎ ለይቷል፦ ሰውየውን ከመንካት በፊት፣ ቁስል ማሸግን የመሰለ ንጽህና የሚፈልግ ስራ ከመጀመር በፊት፣ የሰውነት ፈሳሽ ከተነካ በኋላ፣ ሰውየው ከተነካ በኋላ፣ አልጋውንና ጠረጴዛውን ብቻ ነክተሽ ስትወጪም ጭምር። በሳኒታይዘር ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በውሃና በሳሙና ከነማድረቁ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ። ቀላል ይመስላል፣ ግን ጠዋቱን ሙሉ ከክፍል ክፍል ስትሮጪ ሞክሪው። ተቅማጥ ያለበት ሰው ጋ ስሆን ሳኒታይዘሩን አላምነውም፤ አልኮል የማይገድለው ጀርም አለ፣ በውሃና በሳሙና ታጥቦ ነው የሚለቀው። የጣቶቼ መገጣጠሚያ ይሰነጠቃል፣ ማታ ቅባት እቀባለሁ፣ ጠዋት እንደገና። ቀለበቷን ለምን አውልቃ ታስቀምጣለች፣ ጥፍሯን ለምን አታሳድግም ስትይ ነበር አይደል? መልሱ ይሄው ነው።

የተቀየምሽው ደግሞ አንቺ ብቻ አይደለሽም። በ1847 እ.ኤ.አ. ቪየና ውስጥ ኢግናዝ ዜመልዌይስ የሚባል ሐኪም፣ አስከሬን መርምረው በቀጥታ እናቶችን ሊያዋልዱ የሚሄዱትን ሐኪሞች በክሎሪን ውሃ እጃችሁን ታጠቡ አላቸው። የእናቶቹ ሞት በጣም ቀነሰ። ግን ብዙ ሐኪሞች የእኛ እጅ ነው ወይ የሚገድለው ብለው አኮረፉ። የተማሩት ሰዎች ናቸው እንግዲህ።

ሌላው፣ በቪዲዮ ስናወራ የሽንት ከረጢቱ ወለሉ ላይ ተጋድሞ አይቼዋለሁ። እባክሽ እማዬ፣ ወለል አይንካ። ከወገብሽ በታች ይንጠልጠል፣ ከፍ ካለ ሽንቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቱቦው እንዳይታጠፍ። ሞልቶ እስኪወጠርም አይጠበቅ። ሐኪምሽ ካልከለከለሽ ውሃ ጠጪ።

ይሄን ሁሉ የምዘበዝበው ፈርቼ ነው። አባዬ ያን ሰሞን ስማችንን እያምታታ ሲቀባዥር እርጅና ነው ተባለ። ትኩሳት አልነበረውም። ሽማግሌ ሰው ኢንፌክሽን ሲይዘው አንዳንዴ ትኩሳት ሳይኖረው እንዲህ በድንገት ግራ ይጋባል፣ ይሄን የተማርኩት ስራ ከገባሁ በኋላ ነው። የቀረውን አንቺ ታውቂዋለሽ፣ አልጽፈውም። ግን አንድ ቀን የኔን ስም ብትስቺ ወይም ቀንና ሌሊቱ ቢምታታብሽ፣ አጠገብሽ ያለ ሰው በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይውሰድሽ። ለዚህ ደግሞ በየቀኑ የምታይሽ ሰው ያስፈልጋል። እኔ ሩቅ ነኝ። ወንድሜም እንደምታውቂው ነው።

ስለዚህ መልሰሽ ጥሪያት። እያስመለሰኝ ነው ወይም ተቅማጥ ይዞኛል ብላ ብትቀር አትቆጫት፤ ካቆመላት በኋላ 48 ሰዓት ቤቷ ትቆይ። የልጅ ልጆችሽም እንደዚያው፣ አስመልሷቸው ከሆነ ናፍቀውኝ ነው ብለሽ አታስመጪያቸው። የቀረችበትን ቀን ደሞዝ እኔ እሸፍናለሁ፣ አትቁረጪባት። ይሄ ስራ ውስጥ ሰው ታሞ የሚገባው ልቡ ጨክኖ አይደለም፣ የቤት ኪራይ ስላለበት ነው።

ቁጥሯ ወንድሜ ጋ አለ። እሱ ከሚደውልላት አንቺ ራስሽ ብትደውይላት ይሻላል፣ ካንቺ አፍ ትስማው። ቅዳሜ ማታ እደውልልሻለሁ፣ ያኔ ስለ ልጆቹ ከመጠየቅሽ በፊት ስራ እንዴት ነው በይኝ።

ልጅሽ