የሳይንስ ክበብ ዘገባ፦ የድርጭቶቹ ዓመት

ዘንድሮ ክበባችን ብዙ አቅዶ ነበር። ሳሙና ልንሠራ፣ አፈር ልንመረምር፣ ጉብኝት ልንወጣ። ሁሉንም ድርጭት ዋጠችው። ስለዚህ ይህ ዘገባ ስለ እሷ ነው።

ድርጭትን አብዛኞቻችን የምናውቃት በስም ነው። ክርስቲያኖቹ ከኦሪት፣ ሙስሊሞቹ «ሰልዋ» ብለው ከቁርኣን። በእጁ ይዟት የሚያውቅ ግን ከ22 አባላት አንድም አልነበረም። እኔንም ጨምሮ። ኅዳር ላይ ከአንድ አርቢ 30 እንቁላል ገዝተን ጀመርን። የቤት ድርጭት መታቀፍ የተወች ወፍ ናት፤ ያለ ማስፈልፈያ አይሆንም። የእኛው ማስፈልፈያ የፎም ሳጥን ነው፤ አንድ አምፖል፣ ቴርሞስታትና ከአሮጌ ኮምፒውተር የተነቀለ ፋን አለው። ትምህርት ቤት ማታ ሰው ስለሌለ ሳጥኑ እኔ ሳሎን ገባ። ባለቤቴ እስካሁን ይቅር አላለችኝም።

የመጀመሪያውን ዙር ውኃ በላው። ድርጭት በ17 ወይም በ18 ቀን ትፈለፈላለች። 18 አለፈ፣ 19 አለፈ። በ20ኛው ቀን 4 ጫጩት ወጣ፤ ሁለቱ መቆም አቃታቸው። ልጆቹ እንቁላሉን ጠረጠሩ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። 37.5 ዲግሪ የሚለውን ቴርሞሜትር ሳላመሳክር አመንኩት። የክበቡ ፀሐፊ ከቤቷ የትኩሳት መለኪያ አመጣች። ሁለቱን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ጎን ለጎን ነከርናቸው። የእኛው አንድ ዲግሪ ተኩል ያጋንን ነበር። ሳጥኑ ለካ 36 ላይ ነው የከረመው!

ሁለተኛውን ዙር የካቲት 5 አስገባን። 36 እንቁላል። በእያንዳንዱ ላይ በእርሳስ በአንድ ጎኑ ኤክስ፣ በሌላው ክብ ጻፍንበት፤ በቀን አምስት ጊዜ ሲገለበጥ ማን እንደቀረ ይታያል። የካቲት 12 በዓሉ ላይ መብራት ሄደ። ተረኞቹ ሁለት ልጆች ነበሩ። ሙቅ ውኃ በሃይላንድ ሞልተው ሳጥኑ ውስጥ አስገቡ፣ በእኔ ጋቢ ጠቀለሉት። መብራቱ ከአራት ሰዓት በኋላ መጣ። ጋቢው ግን እስከ መጨረሻው እዚያው ቀረ።

ከ14ኛው ቀን በኋላ መገልበጥ አቆምን፤ እርጥበቱ ከፍ እንዲል ሰፋ ያለ የውኃ ሳህን ጨመርን። ቅዳሜ የካቲት 22 ንጋት ላይ አንዷ እንቁላል ተንቀጠቀጠች። ጫጩቷ ቅርፊቱን ዙሪያውን እየሰበረች ሄደች፤ የቆርቆሮ ክዳን እንደሚከፈት። ከዚያ በእግሯ ገፋችው። እርጥብ፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ነገር። ከሰዓት በኋላ ሌሎቹም እንደ ፈንዲሻ ተከታተሉ። 23 ሆኑ። ክዳኑን ከፍቶ ለመርዳት እጁ ያላከከው ልጅ አልነበረም፤ እርጥበቱ ከወጣ የቀሩት ቅርፊታቸው ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ ብዬ ቆጣ አልኩ።

ማሳደጉ የባሰ ፈተና ነው። የመጀመሪያው ሳምንት 36 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየቀነሱ መሄድ ነው። ጋዜጣ ያንሸራትታቸዋል፣ እግራቸው ይከፈታል፤ ስለዚህ ሻካራ ጨርቅ አነጠፍን። ሆኖም በመጀመሪያው ሌሊት ሁለቱ የሻይ ስኒ ማስቀመጫ በምታክል የውኃ ሳህን ውስጥ ሰጠሙ። በማግስቱ ሳህኑን ጠጠር ሞላንበት፤ ከዚያ ወዲህ የሰጠመ የለም። በሦስተኛው ሳምንት ወንዶቹ ደረታቸው ዝገት መሰለ፣ ሴቶቹ ነጠብጣብ አወጡ። ከ21ዱ 12ቱ ሴት ናቸው።

የመጀመሪያዋ እንቁላል ሚያዝያ 8 ተጣለች። ረቡዕ፣ ያውም ሰሞነ ሕማማት። ጿሚዎቻችን ዙሪያዋን ከበው ዓይናቸውን ብቻ አጠገቡ። ሙስሊም አባሎቻችን ቀቀሏት፣ በክር ለአራት ከፈሏት፣ ሚጥሚጣ ነሰነሱባት። ሩቧ ከአፍ ሳትደርስ አለቀች አሉ።