ሥዕሉን ልጆች ራሳቸው ይተርኩት

ክቡር አዘጋጅ፣

ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ከ231ዱ ሆሄያት ጋር ስናታግል፣ መጽሐፉ ላይ ያለውን ሥዕል እንዘነጋዋለን። እኔ ከአምስት ዓመት ልጄ ጋር ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ በሚተርክ አንድ መጽሐፍ ሳምንቱን ሙሉ ሠራሁ። መጀመሪያ ጽሑፉን ሳላነብላት ሥዕሉን እያየች ራሷ ተረከችልኝ፤ አላረምኋትም። በማግስቱ ሽምብራ እየቆጠረች ለየገጹ ጭላዳዎች እኩል አከፋፈለች። ጭላዳ ዋና ምግቡ ሣር መሆኑን ስነግራት ግን ሽምብራውን ሰብስባ ከግቢያችን ሣር ነቅላ መጣች! ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ መግለጽ ያቅተኛል። ከዚያም ከጭቃ ጭላዳ ሠርተን፣ ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት በቀለም ቀባችው።

ይህ እንስሳ ከጎንደር በስተሰሜን፣ በሰሜን ተራሮች ይኖራል፤ የከተማችን ልጆች በሥዕል እንኳ ሊያውቁት ይገባል። እባካችሁ በየሳምንቱ ከገጾቻችሁ አንዱን ጥግ ለባለሥዕል የልጆች ተረት ስጡልን።

አንዲት እናት፣ ከጎንደር