የኮምፒውተር ክበብ ዘንድሮ፦ ግሬስ ሆፐርና የአማርኛ ትዕዛዞቻችን

እንደ አምናው ታይፒንግና ፎቶሾፕ ልናስተምር ነበር ያሰብነው። ሐሳባችን የተቀየረው ለሚኒ ሚዲያ ጽሑፍ ፍለጋ ላይ ሳለን ስለ ግሬስ ሆፐር ካነበብን በኋላ ነው።

ሆፐር እ.ኤ.አ. በ1906 ኒው ዮርክ የተወለደች የሒሳብ ሰው ናት። ዶክትሬቷን ከየል ዩኒቨርሲቲ ይዛ ቫሳር ኮሌጅ ስታስተምር ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣና ባሕር ኃይል ገባች፤ ሃርቫርድ ተመድባም ማርክ 1 ለሚባለው ግዙፍ ማሽን ፕሮግራም ከጻፉት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዷ ሆነች። ልጆቻችንን የያዛቸው ግን ከዚያ በኋላ የሠራችው ነው። ያኔ ፕሮግራም የሚጻፈው በቁጥርና በምልክት ነበር። እሷ ደግሞ ሰው በሚገባው ቃል ይጻፍ፣ ወደ ማሽኑ ቋንቋ መመለሱን ማሽኑ ራሱ ይሥራው አለች። በ1952 ለዚህ ሐሳብ መነሻ የሆነውን ኤ-ዜሮ የተባለ ፕሮግራም ሠራች። ቀጥሎ የመጣው ፍሎው-ማቲክ ትዕዛዙን በእንግሊዝኛ ቃላት ይቀበል ነበር፤ ኮቦል የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋም ብዙ ነገሩን የወሰደው ከእሱ ነው። ፕሮግራሙ የፈረንሳይኛና የጀርመንኛ ትዕዛዝም እንደሚቀበል ስታሳያቸው አለቆቿ ደነገጡ። የአሜሪካ ማሽን እንዴት ጀርመንኛ ይገባዋል?

ይህን ስናወራ ከኋላ ወንበር አንዷ «ታዲያ በአማርኛስ?» አለች። ዓመቱን የበላው ይህ ጥያቄ ነው።

ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የአማርኛ ትዕዛዝ የሚቀበል ትንሽ አስተርጓሚ ጻፍን። «አንብብ»፣ «ደምር»፣ «አካፍል»፣ «አሳይ» ስትሉት ይታዘዛል። የተማሪ ውጤት ይደምራል፣ አማካይ ያወጣል። በቃ። መብራት ሳይጠፋ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ የሠራን ቀን ግን ደስታችን ለጉድ ነበር።

ከዚያ ጣጣው መጣ። አንዱ «አሳይ» ብሎ ሲጽፍ ይሠራል፣ አጠገቡ ያለችው «አሣይ» ስትል ማሽኑ አላውቅም ይላል። ሲነበብ ያው ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሰ እና ሠ የተለያየ ቁጥር የተሰጣቸው ሁለት ፊደሎች ናቸው፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። የአማርኛ መምህራችን ትክክለኛው አጻጻፍ ይከበር አሉ፣ ልጆቹ ማሽኑ ይቻለው አሉ (እኔ ከልጆቹ ጋር ነኝ፤ ሆፐርም ከእነሱ ጋር የምትቆም ይመስለኛል)። በመጨረሻ ትዕዛዙ ከመነበቡ በፊት ሞክሼ ፊደሎችን ወደ አንድ የሚመልስ ኮድ አስገቡበት።

ሌላው ሽቦው ነው። ሆፐር ንግግር ስታደርግ 30 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ ሽቦ ታድል ነበር፤ ብርሃን በአንድ ናኖሰከንድ (የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ) የሚሄደው ርቀት ማለት ነው። እኛም ከተጣለ የኔትወርክ ኬብል ቆርጠን በወላጆች ቀን አደልን። አንድ አባት «ይሄ ምን ይሠራል?» ብለው ሲጠይቁ ልጃቸው ራሷ አስረዳቻቸው። ሽቦውን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት።

አስተርጓሚው ላብ ውስጥ ባሉት ኮምፒውተሮች ላይ ተጭኗል። የፈለገ ፍላሽ ይዞ ይምጣ፣ ቫይረሱን ግን እቤት ትቶ።