«በረዶ ይመጣል» ማለት ብቻውን አይበቃም

ይድረስ ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትምዎ የፊት ገጽ ላይ «ሲያትል በበረዶ ልትዋጥ ነው» የሚል ርዕስ በትልቁ ወጥቶ ነበር። ከሥሩ የሰፈረው አጭር ዜናም ከዘጠኝ ቀን በኋላ አሥር ኢንች በረዶ እንደሚጥል ያትታል። ዘጠነኛው ቀን ትናንት ነበር። እኔ በምኖርበት፣ ከሲያትል በስተደቡብ ባለው በሬንተን ሲያካፋ ውሎ አመሻሹ ላይ አባራ። በዚህ መሐል አንዲት ጎረቤቴ ተረኛ የሆነችበትን የጽዋ ማኅበር ወደ ሌላ ቀን አስተላልፋለች፤ ሌላው ወዳጄ ደግሞ አራት ከረጢት የበረዶ ማቅለጫ ጨው ገዝቶ ጋራዡ ውስጥ ደርድሯል። ይህን የምጽፈው ጋዜጣዎን ለማሳጣት አይደለም፤ በየሳምንቱ ከሚያነቡት አንዱ ነኝና። ነገር ግን በዚህ አገር የክረምት ትንበያ አቀራረባችን ላይ አንድ የማይረባ ልማድ እየሰደደ ስለሆነ፣ ጉዳዩ በየቀኑ የሚነካኝ ሰው እንደመሆኔ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ላለፉት 11 ዓመታት የጭነት መኪና ይዤ ከኬንት መጋዘኖች እየተነሣሁ፣ የካስኬድ ተራሮች መተላለፊያ በሆነው በስኖኳልሚ ፓስ አድርጌ ወደ ኤለንስበርግና ወደ ያኪማ እመላለሳለሁ። ፓሱ ከባሕር ወለል በላይ 3,022 ጫማ ሲሆን በዓመት በአማካይ ከ30 ጫማ በላይ ስኖ (እንደ ባዘቶ የሚወርደው በረዶ) ይጥልበታል። እንደኔ ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው ከኖቬምበር 1 እስከ ኤፕሪል 1 ድረስ ቢጠቀምበትም ባይጠቀምበትም የጎማ ሰንሰለት ጭኖ የመሄድ ግዴታ አለበት። ስለዚህ ማታ ከመተኛቴ በፊት ትንበያ ማንበብ ለእኔ እንደ እራት ነው። ባለቤቴ «ከዳዊት ይልቅ የሰማይ ካርታ ትደግማለህ» ትለኛለች፤ አልተሳሳተችም።

ቅር ያሰኘኝ ነገር ትንበያው መሳሳቱ አይደለም። መጀመሪያውኑ ትንበያ ያልነበረ ነገር እንደ ትንበያ መታተሙ ነው። ይህን ለማስረዳት ስለምንኖርበት ምድር ጥቂት ማለት ይኖርብኛል።

ከምዕራብ በኩል ታላቁ ውቅያኖስ አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ የኦሊምፒክ ተራሮች፤ ከዚያ እኛ የተቀመጥንበት የፒዩጀት ሳውንድ ቆላ፤ ከጀርባችን ደግሞ የካስኬድ ተራሮች ከሰሜን እስከ ደቡብ ተዘርግተዋል። ከባሕር የሚመጣው እርጥብ አየር ተራራ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ውኃውንም እዚያው ያራግፋል፤ ተሻግሮ ሲወርድ ግን ደርቆ ይወርዳል። በዚህ የተነሣ ከኦሊምፒክ በስተምዕራብ ያለው የሆ ደን በዓመት ወደ 140 ኢንች ዝናብ ሲጠጣ፣ ከተራራው ማዶ የምትገኘው የስኩዊም ከተማ ግን 16 ኢንች ገደማ ብቻ ታገኛለች። በሁለቱ መካከል ያለው የአየር ርቀት ሃምሳ ማይል አይሞላም። የሲያትል ድርሻ 39 ኢንች ያህል ነው። ዝናብ በዛብን እያልን የምናማርር ሰዎች ይህን ብንሰማ እንገረማለን፤ አዲስ አበባ በዓመት የምታገኘው ከዚህ ይበልጣልና። ልዩነቱ የአዲስ አበባው በጥቂት ወራት ዶፍ ሆኖ ይወርድና ያበቃል፣ የእኛ ግን ከኦክቶበር እስከ ማርች በካፊያ ይንጠባጠባል።

ተራሮቹ ነፋሱንም ይከፍሉታል። ከባሕር የመጣው ነፋስ ኦሊምፒክን በግራና በቀኝ ዞሮ ብዙ ጊዜ ከሲያትል በስተሰሜን ይገናኛል፤ እዚያም ተጋጭቶ ወደ ላይ ይወጣና ጠባብ የዝናብ ወይም የስኖ መቀነት ይሠራል። ባለሙያዎቹ ኮንቨርጀንስ ዞን ይሉታል። አንድ ቀን ከሲያትል በስተሰሜን ወዳለችው ሊንዉድ ዕቃ ላወርድ ሄጄ የመጋዘኑ ግቢ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ስኖ ሞልቶት አገኘሁ። ወደ ቤት ደውዬ መንገዱ እንዴት ነው ብል፣ ልጄ «አባዬ፣ እዚህ እኮ ፀሐይ ነው» አለኝ። ሰላሳ ማይል የማይሞላ መንገድ ነው። «ሲያትል በበረዶ ልትዋጥ ነው» የሚለው ርዕስ ከሁለታችን የትኛውን ይመለከታል?

ስኖ በቆላው እንዲጥል ሁለት ነገሮች በአንድ ሰዓት መገጣጠም አለባቸው። ውቅያኖሱ በክረምትም ቢሆን ለብ ያለ በመሆኑ፣ ከእሱ የሚመጣው አየር ብቻውን የሚሰጠን ዝናብ ነው። ቅዝቃዜው መምጣት ያለበት ከካናዳ መሐል አገር፣ በፍሬዘር ወንዝ ሸለቆ ሾልኮ በቤሊንግሃም በኩል ነው። ያ ቅዝቃዜ ሳይሸሽ እርጥበት የተሸከመ የአየር ማዕበል ከባሕር ሊደርስ ይገባል፤ ያውም ትንሽ ወደ ደቡባችን አልፎ። ማዕበሉ ስልሳ ማይል ያህል ወደ ሰሜን ከፍ ካለ ለብ ያለ አየር ይስብና ሁሉም ዝናብ ይሆናል፤ ወደ ደቡብ ከራቀ ደግሞ ብርድ ብቻ ይተርፈናል። ኮረብታውም የራሱ ሕግ አለው። ሺህ ጫማ ከፍ በተባለ ቁጥር ሙቀቱ በፋራናይት ከሦስት ዲግሪ በላይ ስለሚወርድ፣ ከታች በባሕሩ ዳር ዝናብ ሆኖ የሚፈሰው እላይ ኢሳኳህ ኮረብቶች ላይ ስኖ ሆኖ ይቀመጣል። እንግዲህ የማዕበሉን መንገድ በዘጠኝ ቀን ርቀት፣ በስልሳ ማይል ልክ ማን ሊያውቅ ይችላል?

ማንም አይችልም፤ ችያለሁ የሚልም ባለሙያ የለም። የአውሮፓው የትንበያ ማዕከል ስሌቱን አንድ ጊዜ ብቻ ሠርቶ አያቆምም፤ መነሻውን በጥቂቱ እየለዋወጠ 51 ጊዜ ያሰላዋል። በዘጠነኛው ቀን ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ አሥር ኢንች፣ አንዳንዶቹ ሁለት፣ አብዛኞቹ ደግሞ ምንም ሊያሳዩ ይችላሉ። የስልክ አፕ ብዙውን ጊዜ ከስሌቶች አንዱን መዝዞ ቁጥሩን ከስኖ ሥዕል ጋር ይለጥፈዋል። ያለፈው እትም ዜና የተወሰደው ከዚህ ዓይነቱ ነገር ይመስለኛል። በተመሳሳይ ቀን የብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት የሲያትል ቢሮ በጻፈው ማብራሪያ ላይ ግን፣ ከሳምንቱ ማብቂያ በኋላ ያለው ነገር ገና እንዳልጠራ በግልጽ ተቀምጦ ነበር። ይህ ማብራሪያ በቀን ብዙ ጊዜ ይታደሳል፤ ጸሐፊዎቹ እርግጠኛ የሆኑበትንና የተጠራጠሩበትን ለይተው ይናገራሉ። ከአፑ ሥዕል ይልቅ ይህን ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ በከንቱ ሰንሰለት ያሰርኩበት ቀን በጣም ቀንሷል።

ለትንበያ ሰዎቹም ፍርድ ልስጥ። በፌብሩዋሪ 2019 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ትልቁ ስኖ ከመድረሱ ቀደም ብለው ተናግረዋል፤ በዚያ ወር ኤርፖርቱ ላይ 20 ኢንች ወርዷል፣ ከ1969 ወዲህ ያልታየ ነበር። የሱቅ መደርደሪያዎች ባዶ የቀሩት ሕዝቡ አምኖ ስለተዘጋጀ ነው። ቀድሞ በካማኖ ደሴት ያለው ራዳር በኦሊምፒክ ተራሮች ይጋረድ ስለነበር ከባሕር የሚመጣውን ማዕበል በደንብ አያይም ነበር፤ በ2011 ባሕሩ ዳር ላንግሊ ሂል ላይ ሌላ ራዳር ተተክሎ ያ ክፍተት ተደፍኗል። ሥራው እየተሻሻለ ነው፤ ያልተሻሻለው እኛ ጋ የሚደርስበት መንገድ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ደግሞ የቋንቋው ጉዳይ ነው። አማርኛችን «በረዶ» በሚለው አንድ ቃል ብዙ ነገር ይሸከማል። አገር ቤት ቆርቆሮ የሚደበድበው በረዶ ነው፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለውም በረዶ ነው፤ እዚህ እንደ ባዘቶ የሚወርደው በረዶ ነው፤ አስፋልት ላይ የሚረጋውም በረዶ ነው። መኪና ለሚነዳ ሰው ግን አራቱ አራት የተለያዩ ቀናት ናቸው። ሰዉ ራሱ መፍትሔውን ያወቀው ይመስለኛል፤ «ስኖ ጣለ» ይላል፣ «ብላክ አይስ አለ» ይላል። «አመዳይ» እና «ውርጭ» የሚሉ ቃላትም አሉን፤ የሚጠቀምባቸው ጠፋ እንጂ።

የዚህ ግድየለሽነት ዋጋ በዲሴምበር 2022 ደጃፌ ላይ ታይቷል። በዚያ ሳምንት ቆላው ላይ ከባድ ብርድ ተኝቶ ነበር፤ ሐሙስ ማታ ከላይ ለብ ያለ አየር ሲመጣ፣ ከላይ የቀለጠው ስኖ ዝናብ ሆኖ ወርዶ፣ በረዶ ሆኖ የቆየውን መሬት ሲነካ እዚያው ይረጋ ጀመር። እንግሊዝኛው ትንበያ ይህን በስሙ ጠርቶ አስጠንቅቋል። ወደ አማርኛ ተመልሶ እጄ የገባው ጽሑፍ ግን «በረዶው ቀርቶ ዝናብ ሆኗል» ይል ነበር። ከአጠገቤ ለሚኖሩ አንዲት እናት በስልክ ያነበብኩላቸውም እኔው ነበርኩ፤ «ተመስገን» አሉ። ዓርብ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ በሩን ስከፍት ደረጃው በመብራቱ ሥር እርጥብ ብቻ መስሎ ያብረቀርቃል። እግሬን ሳሳርፍ እንደ መስተዋት ነው። የመኪናዬ በር ከነእጀታው በጣት ውፍረት ተለብጦ አልከፈት አለ፤ የአጥሩ ሽቦ ሳይቀር እያንዳንዱ ቀለበት ውኃ እንዳንጠለጠለ ደርቋል። ሥራውን ትቼ ተመለስኩ። እኚያ እናት ግን «ዝናብ ብቻ ነው» እንዳልኳቸው አምነው ጠዋት ቆሻሻ ሊጥሉ ወጡ፤ ከመጀመሪያው እርከን ሳይወርዱ ወደቁና የእጅ አንጓቸው ተሰበረ። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም። በዚያ ቀን ኤርፖርቱ በረራ ሰርዟል፣ አውቶቡሶችም ቆመዋል። «እንደወረደ የሚረጋ ዝናብ» የሚሉ ሦስት ቃላት ቢኖሩ ኖሮ ግን ቤታቸው ይቀመጡ ነበር።

በማስጠንቀቂያዎቹ ደረጃ ላይም ተመሳሳይ ነገር አያለሁ። እንግሊዝኛው «ዋች» ሲል ሁኔታው ሊከሰት ይችላልና ተዘጋጁ ማለቱ ነው፤ «ዋርኒንግ» ሲል ደግሞ መጥቷል ወይም ሊደርስ ነው ማለቱ ነው። በመካከል ያለው «አድቫይዘሪ» የሚያስቸግር እንጂ የከፋ ያልሆነውን ይመለከታል። እኛ ሦስቱንም «ማስጠንቀቂያ» ብለን እናትማለን። አንባቢ ሦስት ጊዜ ተጠንቀቅ ተብሎ ምንም ሳይመጣ ሲቀር፣ በአራተኛው ጊዜ ጋዜጣውን አጥፎ ያስቀምጣል።

ስኖ ዓይን ስለሚስብ ሌላውን ሁሉ ይጋርዳል፤ ብዙ ጉዳት የሚያደርሱት ግን ነፋስና ዝናብ ናቸው። ከሐዋይ አቅጣጫ የሚመጣው ሞቃትና ረጅም የእርጥበት ጅረት ተራራው ላይ ሲደርስ፣ ከላይ ያለውን ስኖ ጭምር አቅልጦ ወንዞቹን ያስቆጣል። በኖቬምበር 2021 በሱማስና በኤቨርሰን ያን ያህል ጎርፍ ያመጣው ይህ ነው። በኖቬምበር 2024 ደግሞ ነፋሱ እንደ ልማዱ ከባሕር ሳይሆን ከምሥራቅ፣ በካስኬድ ክፍተቶች ሾልኮ መጣና በኢሳኳህና በቤልቪው ዛፎቹን ገነደሰ፤ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የመብራት ደንበኞች ጨለማ ውስጥ አደሩ።

መብራት ሲጠፋ የሚመጣውን አደጋ የእኛ ጋዜጣ ከማንም በላይ ሊጽፍበት ይገባል። በዲሴምበር 2006 ከነፋሱ በኋላ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት አጥተው፣ ሰዎች ለሙቀት ሲሉ የከሰል ምድጃና ጄኔሬተር ቤት ውስጥ አስገብተው በጭሱ መርዝ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲታከሙ ጥቂቶች ሞተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ስደተኞች ነበሩ። እኛ ከሰል አቀጣጥለን ቡና እያፈላን ያደግን ሰዎች ነን፤ አገር ቤት ያዳነን ግን በጣሪያና በግድግዳው መሐል ያለው ክፍተት ነበር። የዚህ አገር ቤት ነፋስ እንዳያስገባ ተደርጎ የተደፈነ ነው። ያ መርዝ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም።

ስለዚህ ክቡር አዘጋጅ፣ የምጠይቀው ቀላል ነው። ጋዜጣዎ የሚወጣው በሳምንት አንድ ጊዜ ስለሆነ አንባቢው እጅ ሲገባ ትንበያው ቢያንስ የሁለት ቀን ዕድሜ ይኖረዋል፤ በቁጥር ከስልክ ጋር መወዳደር አይችልም፣ መወዳደርም የለበትም። የኢንቹን ቁጥር ይተዉት። በምትኩ ከኖቬምበር እስከ ማርች በአንድ ጥግ ላይ፣ የሚጠበቀው ስኖ ይሁን የሚረጋ ዝናብ ወይም ነፋስ በትክክለኛ ስሙ ይጻፍ፤ ለቆላው ነው ወይስ ለፓሱ፣ ለሊንዉድ ነው ወይስ ለፌደራል ዌይ የሚለው ይለይ፤ ባለሙያዎቹ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆኑም ከመቶ ስንት በሚል ይነገር። ከአምስት ቀን በላይ የራቀ ከሆነ «ገና አልጠራም» ማለት ነውር የለውም። የመብራት መጥፋት በሚጠበቅበት ሳምንት ደግሞ ስለ ከሰሉ ሁለት መስመር በፊት ገጽ ላይ ቢወጣ፣ አንድም እትም አይብዛበት።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሥራ የለኝም። ጽሑፉን የሚያሰናዳው ባልደረባዎ ቢፈልግ የእንግሊዝኛውን ማብራሪያ አብሬው አነባለሁ፤ ለፓሱ ካሜራዎችና ለሰንሰለቱ ሕግም ከማንም በላይ ቅርብ ነኝ። ዛሬ ማታ እያነበብኩት ያለሁት እንደሚለው፣ ማክሰኞ ሌሊት የስኖው መስመር ወደ ሁለት ሺህ ጫማ ይወርዳል። ይህ ማለት ፓሱ ላይ ሰንሰለት ሊታዘዝ ይችላል፣ ሬንተን ላይ ግን ጃንጥላ ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጭነት መኪና አሽከርካሪ፣ ከሬንተን